ሳይለኩ ማውረድ

ሰሞኑን የምሰማው ፈሊጥ «ሞተሩን ራሴ አወርደዋለሁ» የሚል ነው። ባዮቹ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ባንክ የሚሠሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ። አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለቻቸው፤ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፤ መካኒክ አያምኑም። እናም ሦስት ቪዲዮ አይተው ቁልፍ ሊገዙ ይወጣሉ።

ምክንያታቸው አይገባኝም አልልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ያለችውን ማደስ ግድ ሆነ። መካኒኩም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። ጆሮውን ቀሰር አድርጎ «ይኼማ መውረድ አለበት» ይላል። በምን ለክቶ? በጆሮው!

የእኔ ጠብ ከሁለቱም ጋር ነው፤ ሁለቱም ሳይለኩ ይፈርዳሉ። እስቲ ካንዴላዎቹን ንቀሉና የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለኩ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ንቅንቅ ካላለ ቫልቮላውን ጠርጥሩ፤ ያኔ ቴስታታውን ብቻ ማንሳት ሊበቃ ይችላል። ጭሱ ጠዋት ሲነሳ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነማ፣ ጥፋቱ ቫልቮላው ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ ልትሆን ትችላለች። ለእሷ ብሎ ሞተር የሚያወርድ ስንቱ ነው!

የግድ ይውረድ እንበል። መፍታቱን ፍቱት፣ ማን ከለከላችሁ? የዲኤክስ 4ኬ ሞተር ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የግቢ ሥራ አይደለም። የሲሊንደር መበላት የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ ዓይን አያየውም። ከተበላ ቶርኖ ቤት ይሰፋል፤ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊሜትር የሚተልቅ ፒስተን ይገባል። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ፒስተኑ ይገዛል፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በእሱ ልክ ነው። ሲሊንደሩን አስቀድሞ አሰፍቶ ለፒስተን ሶማሌ ተራን የሚያስስ ሰው፣ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ቆማ ትከርማለች።

አንድ ነገር ደግሞ ይቆረቁረኛል። ለራሱ ሙያ አራት ዓመት የተማረ ሰው፣ የመካኒኩን ሙያ በአንድ ቅዳሜ ልጨርሰው ሲል ምን ማለቱ ነው? ቀጥቃጩን «ቡዳ» ሲል በኖረ አገር ይህ ንቀት አዲስ አይደለም፤ አሁን ስልክ ያዘ እንጂ። ሰውየው ሌባ ነው ከተባለ፣ የሌብነት መድኃኒቱ ሥራውን መንጠቅ ሳይሆን ቁጥር መጠየቅ ነው።

«ስንት ታወርድልኛለህ?» አትበሉት። «ስንት አነበብክ? አሳየኝ» በሉት፤ ለመለካቱም ለብቻው ክፈሉት። ለመፍታት እንጂ ለመለካት የሚከፍል ስለሌለ ነው ጌጁ ጋራዥ ውስጥ አቧራ የሚጠጣው።