ጭሰኛው የተረሳበት ቤት

በምዕራብ አየርላንድ ገጠር፣ ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የድንጋይ ቤት ውስጥ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። የጥንት ባለርስቶች መኖሪያ የነበረው ቤት ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። እልፍኙ ውስጥ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ ማገዶ ይነዳል፤ ግድግዳው ላይ የባለርስቶቹ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጠዋት ትኩስ ዳቦ በቅቤ ይቀርባል። ወደ ማድ ቤቱ በሚወስደው ኮሪደር የአሽከር መጥሪያ ደወሎች በተርታ ተሰቅለዋል። የቤቱ እመቤት ደግ ሰው ናቸው፤ የትኛው ደወል ከየትኛው ክፍል እንደሚጠራ አንድ በአንድ አስረዱን። ደወሉ ሲጮኽ ማን ይሮጥ እንደነበር ግን አልነገሩንም።

በማግስቱ ወደ ማታ ከግቢው ጀርባ ያለውን ኮረብታ ወጣሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀን ለጥ ያለ የሚመስለው ሣር መልኩን ለወጠ፤ ጎን ለጎን የተሰመሩ መደቦች ጥላቸውን ጣሉ። የድሮ የድንች መደቦች ናቸው። ግርጌያቸው ላይ ጣሪያ የሌለው ጎጆ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ስመለስ እነማን ይኖሩበት እንደነበር እመቤቲቱን ጠየቅኋቸው። «አሳዛኝ ዘመን ነበር» አሉኝና ወደ ሥዕሎቹ ታሪክ ተመለሱ።

ትችቴ በእኚህ ሴት ላይ አይደለም። የምቃወመው እንዲህ ያሉ ቤቶች ለእንግዳ የሚቀርቡበትን የተለመደ ሐሳብ ነው፦ ቤቱ ከተጠበቀ ታሪኩም ተጠብቋል፤ እዚያ ያደረም ታሪክ ውስጥ አደረ የሚለውን። ይህ እውነት አይደለም። ጭሰኛው የሌለበት የባለርስት ቤት ታሪክ ግማሽ ነው፤ ግማሹን እንደ ሙሉ መሸጥ ደግሞ ማሳሳት ነው።

ደረጃውንም፣ እብነ በረዱንም፣ ሥዕሉንም የከፈለው የጭሰኛው ኪራይ ነው። ጭሰኛው እህሉንና አሳማውን ለኪራይ አስረክቦ በድንች ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 ድንቹን የሚያበሰብስ በሽታ ሲገባ ያለችው አንዲት ምግብ ከእጁ ወጣች። እስከ 1852 ባለው ጊዜ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። በእነዚያው ዓመታት ከብት፣ ቅቤና እህል በአየርላንድ ወደቦች መጫኑ አልቆመም።

የኩል ፓርክን ነገር እንውሰድ። ብዙ ጎብኚ በጎልዌይ ወዳለው ወደዚህ ርስት የሚሄደው የገጣሚው ዬትስ ወዳጅ ሌዲ ግሬጎሪ እዚያ ስለኖረች ነው። ኋላ ያገባት የርስቱ ባለቤት ዊልያም ግሬጎሪ ግን በ1847 በፓርላማ አንድ አንቀጽ ያስገባ ሰው ነው፦ ከሩብ ኤከር በላይ፣ ማለትም ከ1,000 ካሬ ሜትር ገደማ በላይ መሬት የያዘ ሰው የመንግሥት እርዳታ አያገኝም። ጭሰኛው ወይ መሬቱን ለቆ ይበላል፣ ወይ መሬቱን ይዞ ይራባል። ብዙ ጎጆ በዚህ አንቀጽ ባዶ ቀረ። ግጥሙን እየተረኩ አንቀጹን መዝለል ትረካውን ያጎድለዋል።

የሚቃወሙኝ የሚሉት አለ። የዛሬ ባለቤቶች ያንን ግፍ አልሠሩም፤ ጣሪያውን ከዝናብ ለማዳን ገንዘባቸውን ያፈስሳሉ። እውነት ነው። በረሃቡ ጊዜ ጭሰኞቻቸውን ሲመግቡ የከሰሩ ባለርስቶችም ነበሩ። ከ1919 እስከ 1923 በነበሩት የነጻነትና የእርስ በርስ ጦርነቶች ከ250 በላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ የዚያ ቂም መመለስ የለበትም። እኔም ቤቶቹ ይዘጉ አላልሁም። ግን እሳቱም ሆነ ዛሬ የሚቀርበው ውብ ተረት ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ያኛው ማስረጃውን አጠፋ፣ ይህኛው ሸፈነው።

እንግዳ ለዕረፍት እንጂ ለልቅሶ አልመጣም የሚሉም አሉ። ለዚህ መልሱ ስትሮክስታውን ነው። በሮስኮመን አውራጃ የሚገኘው የዚህ ርስት ጌታ ሜጀር ዴኒስ ማሆን በ1847 የ1,490 ጭሰኞችን የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ወደ ካናዳ ላካቸው። በእግራቸው እስከ ደብሊን ተጓዙ። ከጫኗቸው መርከቦች አንዷ ቨርጂኒየስ 476 ሰው ይዛ ተነሥታ 158ቱ ባሕር ላይ ሞቱ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ማሆን በጥይት ተገደለ። ቤቱ በ1979 ሲሸጥ የርስቱ መዛግብት ተገኙ፤ በ1994 እዚያው የረሃብ ሙዚየም ተከፈተ። ማድ ቤቱ ውስጥ እመቤቲቱ ከላይ ቆማ የሳምንቱን የምግብ ዝርዝር ለሠራተኞቹ የምትጥልበት ሰገነት አለ። ጎብኚው ሰገነቱንም መዛግብቱንም በአንድ ግቢ ያያል፤ ግን መምጣቱን አልተወም።

ጭሰኛ የሚለውን ቃል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። «መሬት ለአራሹ» ብሎ የጮኸ ትውልድ ልጆች ነን። የአየርላንድ ሕዝብ በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ረሃብ እጁን ሲዘረጋልን የራሱን ረሃብ እያስታወሰ ነበር። ለሩቅ ሰው ያስታወሰውን በራሱ እልፍኝ ሲዘልለው ማየት ያሳዝነኛል። የወጋ ይረሳል፣ የተወጋ አይረሳም እንላለን፤ እዚህ ግን የተወጋው ሞቷል ወይም ባሕር ተሻግሯል፤ ቤቱ ካልተናገረለት ማን ይናገርለት?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የኪራይ መዝገብ ያለው ቤት የጭሰኞቹን ስም ከባለርስቶቹ ሥዕል አጠገብ ይስቀል። ግቢውን የከበበውን ረጅም የድንጋይ አጥር ማን በምን ያህል የቀን ክፍያ እንደገነባው ይንገር። እንግዳውን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ኮረብታው ይዞ ይውጣ። ደወሎቹም ባሉበት ይቆዩ፤ ከግርጌያቸው ግን ከክፍሎቹ ስም ሌላ፣ ሲጮኹ ይሮጡ የነበሩት ሰዎች ስም ይጻፍ።