«እጮኛዬ መኪናዬ ውስጥ አልገባም አለች»

ለዛሬ ከደብዳቤዎቻችሁ መሐል የመረጥኩት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ጸሐፊው በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ የሚኖር የ26 ዓመት ወጣት ነው። ስሜ ይቆይ ስላለኝ ይቆያል። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ጋሼ፣ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ስመኛት የነበረችውን መኪና ገዛሁ። ባለ ሁለት በር ናት፤ ጉልበቷ ሌላ ነው፤ የምትነዳው በኋላ እግሯ ነው። ባለ 18 ቸርኬዋን ያየ ሁሉ ዞሮ ሳያያት አያልፍም። ባለፈው በረዶ የጣለ ቀን ከእጮኛዬ ጋር ስንመለስ አንዲት ትንሽ ዳገት መውጣት አቅቷት ወደ ኋላ ተንሸራተተች። የቆመ መኪና ከመግጨት ለጥቂት ተረፍን። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጮኛዬ ‹የክረምት ጎማ ካላስገባህ መኪናህ ውስጥ አልገባም› ብላ ቁርጥ አድርጋለች። ጎማ ቤት ስጠይቅ ደግሞ ቸርኬውን አነስ ባለ ቀይር አሉኝ። እንዲህ ባለች መኪና ላይ የታክሲ ቸርኬ? ጓደኞቼ ፋራ አይሉኝም? ደግሞስ እዚህ በረዶው በማግስቱ ፀሐይ ይወጣና ይቀልጣል። ለኋላው ብቻ ሁለት ጎማ ብገዛስ? ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ሆዴ ባባ። ዴንቨርን አውቃታለሁ፤ ስድስት ዓመት ኖሬባታለሁ። ለእናንተ ለአዲስ አበባዎቹ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናብና ጭቃ። የእነሱ ክረምት ግን ሌላ ነው። የሚገርማችሁ ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን አዲስ አበባችን ከእሷ በ700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ነገር ግን ዴንቨር ከምድር ወገብ በጣም ስለምትርቅ ማታ የጣለው በረዶ ጠዋት መንገዱን መስታወት አድርጎት ታገኙታላችሁ።

እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ሽቅርቅር መኪና፣ ሰፊ ጎማ፣ ደረት ነፋ አድርጎ መንዳት። በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ ሌሊት እህቴን ሆስፒታል ለአዳር ሥራ ላደርሳት ወጣሁ። በረዶው ከቆመ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ መንገዱም የደረቀ ይመስላል። አንድ ቁልቁለት ላይ ቀይ መብራት በራ። ፍጥነቴ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ እንዳልተረገጠች ሁሉ ቁልቁል ወረደች። መሪውን ባዞረው እሺ የሚል የለም። ቀዩን መብራት አልፈን፣ መስቀለኛውን መንገድ አቋርጠን ከወዲያ ማዶ ጠርዙን ገጭተን ቆምን። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ከኋላችን አለፈ። እህቴ ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ግን ሥራ የሄደችው በአውቶቡስ ነው፤ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የመንገዱ አልነበረም፤ የጎማዬ ነበር። እንደኔና እንዳንተ ያሉት ፈጣን መኪናዎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በበጋ ጎማ ነው። የበጋ ጎማ ላስቲኩ ሙቀት ይወዳል። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ እየደረቀ ይሄድና መንገዱን መጨበጥ ያቅተዋል። በረዶ መኖር የለበትም፤ ብርዱ ብቻ ይበቃዋል። ቅዝቃዜው ሲከፋማ ላስቲኩ ሊሰነጠቅም ይችላል። የክረምት ጎማ ግን በብርድ ጊዜ እንደለሰለሰ የሚቆይ ላስቲክ ነው፤ ጥርሱ ላይም በረዶውን የሚነክሱ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። ስለዚህ «በማግስቱ ይቀልጣል» ያልከው አያዋጣም። ቀን የቀለጠው ማታ ተመልሶ ይረጋል፤ እኔንም የበላኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎችህ ልግባ።

ሁለት ጎማ ብቻ ይበቃል ወይ? በጭራሽ! ለኋላው ብቻ ብታስገባ ዳገቱን ትወጣ ይሆናል። ስትቆም ግን አብዛኛውን የፍሬን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው፤ መኪናዋን የሚያዞራትም እሱ ነው። ለፊቱ ብቻ ብታስገባ ደግሞ ኋላዋ አምልጦ ትሽከረከራለች። አራቱንም ነው። ባለ አራት እግር መኪና ያለው ጓደኛህ «እኔ አያስፈልገኝም» ቢልህም አትስማው። አራቱም እግር መገፋቱ ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም።

ትንሽ ቸርኬ ለምን? በደብዳቤህ ግርጌ የጎማህን ቁጥር 245/40 አር 18 ብለህ ጽፈሃል። ይህ ማለት ስፋቱ 245 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 40 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው። ከዚህ ወደ 225/50 አር 17 ብትወርድ የጎማው ጠቅላላ ከፍታ ከ653 ሚሊ ሜትር ወደ 657 ይሆናል። ልዩነቱ ኢምንት ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያህ አይዋሽህም። የምታተርፈው ግን ብዙ ነው። ጠበብ ያለ ጎማ በረዶውን ሰንጥቆ ይገባል፤ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ጎኑ ከፍ ስለሚል ጉድጓድ ውስጥ ብትገባ ቸርኬህ በቀላሉ አይጎዳም። ባለ 17ቱ ጎማ ብዙ ጊዜ ከባለ 18ቱ በዋጋም ይረክሳል።

ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ያገኘኸውን ቸርኬ ሁሉ አታንሳ። የፈጣን መኪና ፍሬን ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ቸርኬ ሊነካው ይችላል። መጽሐፏን ገልጠህ የሚፈቀደውን ትንሹን ልክ እይ። የብሎኖቹ ብዛትና አቀማመጥ፣ የመሐሉ ቀዳዳ ከሞዞው ጋር መግጠሙ፣ የቸርኬው ስፋት፣ ወደ ውስጥ የሚገባበት ልክ፣ ማለት ኦፍሴት የሚሉት፣ አንዱም መሳት የለበትም። ጎማው የሚሸከመው ክብደት ከፋብሪካው ልክ አይነስ። የፍጥነት ደረጃው ግን ቢቀንስ አትደንግጥ። «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል፤ የኮሎራዶ አውራ ጎዳና ከ120 በላይ አይፈቅድልህም።

የድሮ ቸርኬህ ላይ የክረምት ጎማ እያፈራረቅህ ማስገባትም ይቻላል። እኔ ግን ለክረምቱ የራሱ ቸርኬ ይኑረው እላለሁ። በረዶ ለማቅለጥ የሚረጨው ጨውና ማግኒዚየም ክሎራይድ ያንን የምትወደውን ቸርኬ ይበላዋል። ውበቷ ካሳሰበህ ውበቷን የምታድነው እንደዚህ ነው! የአየር ግፊት መለኪያ ሴንሰሮቹንም አብረህ ግዛ፤ አለዚያ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቷ ክረምቱን ሙሉ ትበራብሃለች።

ስትገዛ ጎኑን አንብብ። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ መሐሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ካለው በበረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ያን ያህል ዋስትና አይሰጥም። ከ«ዲ.ኦ.ቲ.» ቀጥሎ ካሉት ፊደላትና ቁጥሮች መጨረሻ አራት ቁጥር ታያለህ። 3523 ቢል በ2023 በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። አሮጌ ጎማ አዲስ ነው ብለው እንዳይሸጡልህ።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። ጀርመኖች «ከኦክቶበር እስከ ፋሲካ» ይላሉ፤ ለዴንቨርም የሚስማማ ምክር ነው። ካስገባህ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ብሎኖቹን ደግመህ አስጠብቅ። ብርድ አየሩን ስለሚያሳንሰው ግፊቱን በየጊዜው፣ ጠዋት ሳትነዳት ለካ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተራራው የምትወጣ ከሆነ ደግሞ በአይ 70 መንገድ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ተገቢ ጎማ መግጠም ወይም ሰንሰለት መያዝ በ2019 በወጣ ሕግ ግዴታ ሆኗል።

እናንተ አዲስ አበባዎችስ? የክረምት ጎማ አያስፈልጋችሁም። ከውጭ የመጣ መኪና ላይ ያቺን የበረዶ ቅንጣት ካያችሁ ትርፍ አገኘሁ ብላችሁ አትደሰቱ፤ ለስላሳው ላስቲክ በእኛ ፀሐይ ቶሎ ያልቃል፤ በሙቅ አስፋልትም ሲቆም ይዘገያል። የአራቱ ቁጥር ነገር ግን ለእናንተም ይሠራል። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አንብባችሁ ግዙ፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ በሐምሌ ዝናብ እንደ በረዶው ነው።

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ፋራ ይሉህ ይሆናል። ይበሉ። እነሱ መኪናዋን የሚያዩት ከውጭ ቆመው ነው፤ ውስጧ የምትቀመጠው እጮኛህ ናት። ደግሞ ልብ ብለህ ስማት፤ መኪናህን ሽጥ አላለችህም፣ ጎማ ቀይር ነው ያለችህ። ጎማ ቤት ስትሄድ ይዘሃት ሂድ፤ ቸርኬውንም እሷ ትምረጥልህ። እህቴ እኔ መኪና ውስጥ ተመልሳ የገባችው አራቱን ጎማ ካስገባሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያኔም ቀበቶዋን ሁለት ጊዜ ነካክታ ነው የተቀመጠችው።

ከጋብቻችሁ በፊት ጻፍልኝ። እናንተም ደብዳቤያችሁን ላኩልኝ፤ ለሳምንት ሰው ይበለን።