ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለስድስት ሰው

አሁን አሁን እንግዳ ወደ ቤት የሚጠራው ለበዓል፣ ለልደት ወይም ለክርስትና ብቻ እየሆነ ነው። በተራው ቀን «ራት አብረን እንብላ» ስንባባል የምንገናኘው ሥጋ ቤት ነው። ልጆች ከሞግዚት ጋር ይቀራሉ፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን ጫጫታውን ስለማይወዱት አይመጡም። ለምን ቤታችሁ አትጠሩም ሲባሉ ብዙዎች ሁለት ምክንያት ይሰጣሉ። «ሥጋ ተወዷል» የሚለው እውነት ነው፤ ሥጋ ቤት ተቀምጠው ሲበሉት ግን ይብሱን ይወደዳል። ከባዱ «ማን ይሠራዋል?» የሚለው ነው። እንግዳ ሲበላና ሲጫወት አንዲት ሴት ጓዳ ቆማ የምታመሸው ራት ለእሷ ራት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የማወጋችሁ አብሳዩም ገበታ ላይ ስለሚቀመጥባቸው የሥጋ ምግቦች ነው።

ወጥ ጊዜ የሚፈጀው በሥጋው ሳይሆን በሽንኩርቱ ነው። ደቆ የተከተፈው ቀይ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ውኃው እስኪመጥ ይቁላላል፤ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። ቁሌቱ በደንብ እስኪበስል ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ከቢሮ ደክሞት የገባ ሰው ይህን ማክሰኞ ማታ አይጀምረውም። እሑድ ከሰዓት ግን ሦስት ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ትልቅ ድስት ማቁላላት አንድ ኪሎ ከማቁላላት ብዙም አይለይም። ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን በእርድ አልጫ አድርጋችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ለአንድ ራት የሚበቃውን እየለያችሁ በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። የሳምንቱ ከባድ ሥራ እዚያው አለቀ።

በርበሬና ቅቤው የቅዳሜ ሥራ ነው፤ ለእኔ የሚሆነው ደግሞ መርካቶ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933) የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ አንስተው ወደዚህ አዛወሩት፤ ስሙም በቋንቋቸው «ገበያ» ማለት ነው። ሸቀጡ በየተራው ስለተደረደረ፣ ግርግሩን የማይፈራ ሰው በአንድ ጠዋት ሁሉንም ጨርሶ ይወጣል። በርበሬ በረንዳ ስትደርሱ የተፈጨውን እለፉትና ዛላውን ግዙ። በተፈጨ በርበሬ ውስጥ የጡብ ዱቄት፣ በቅቤ ውስጥ ደግሞ ባዕድ ነገር ቀላቅለው ሲሸጡ ስለተያዙ ሰዎች በየጊዜው ዜና እንሰማለን። ዛላ ግን አይዋሽም፤ ቀለሙ ይታያል፣ ሲሰብሩት ይሸታል፣ ሻጋታ ካለው ውስጡን ከፍቶ ማየት ይቻላል። እኔ በሙያዬ ማሸጊያ ሲያምር የምደሰት ሰው ነኝ፤ ቅመም ስገዛ ግን ከማሸጊያው ይልቅ አፍንጫዬን አምናለሁ። ለጋ ቅቤ ለጥብስ፣ በሳሉ ለወጥ ይሻላል። ሁለቱንም በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አንጥራችሁ አስቀምጡ።

ሥጋ ቤት ገብታችሁ «ግማሽ ኪሎ» ብቻ አትበሉ፤ ለምን እንደምትፈልጉት ንገሩት። ጭቅናና ሽንጥ በእሳት ላይ ብዙ መቆየት ስለማይፈልጉ ለጥብስ ናቸው። ለምንቸት አብሽ ወርች ይበቃል፤ እንዲያውም ጣዕሙ ይበልጣል። ጭቅና ገዝቶ ማስፈጨት ገንዘብ መጣል ነው። ጎድንና ቅልጥም ደግሞ ለቅቅል።

ለስድስት ሰው የምመርጠው ምንቸት አብሽን ነው። ስሙ ራሱ ድስቱንና ቅመሙን ይናገራል፤ ምንቸት የሸክላ ድስት ነው፣ አብሽ ደግሞ አብሽ ነው። ከፍሪዘር የወጣውን ቀይ ቁሌት ሦስት ጭልፋ ያህል አሙቁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ። የተፈጨውን ግማሽ ኪሎ ሥጋ በቀጥታ ድስት ውስጥ ከጣላችሁት ይጓጉላል፤ መጀመሪያ በሳህን ላይ በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በእጅ በትኑትና ከዚያ ጨምሩት። አብሹ ከሻይ ማንኪያ ሩብ አይለፍ፤ ሲበዛ ይመራል። እሳቱን ቀንሳችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ካማሰላችሁት በኋላ በጨው፣ በመከለሻና በአንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይወጣል። ከጎኑ አይብ፣ ጎመንና የተቀቀለ ዕንቁላል ካለ ስድስት ሰው ጠግቦ ይነሣል። ለልጆቹ ያንኑ በአልጫው ቁሌት ሥሩላቸው።

ጥብስን ለብዙ እንግዳ አልመክርም። ጥብስ ጥብስ የሚሆነው በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ጥቂት ጥቂት ሥጋ ሲጣል ነው፤ ኪሎውን አንዴ ከገለበጣችሁት ውኃውን ይለቅና ይቀቀላል። በየዙሩ መጥበስ ማለት ደግሞ አብሳዩ ምሽቱን ሙሉ ምድጃ ላይ ቆሞ ሊያመሽ ነው። ለሁለት ለሦስት ሰው ሲሆን ግን የሚወዳደረው የለም። ሥጋው በጨርቅ ደርቆ፣ በሁለት ዙር ተጠብሶ፣ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ገብቶ፣ ከአዋዜ ጋር ወዲያው ይቀርባል።

እናት አባት የሚመጡ ከሆነ ቅቅል አብስሉ። የበግ ጎድንና ቅልጥም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና ውኃ በፕሬዠር ድስት ውስጥ ገብቶ አርባ ደቂቃ ይሆናል፤ ማንም አጠገቡ አይቆምም። መብራት ለሚሄድበት ማታ ደግሞ ማቀዝቀዣ የማይፈልገውን ቋንጣ መያዝ ነው፤ ቁሌት ካለ ፍርፍሩ በሲሊንደር እሳት ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ክትፎና ጥሬ ሥጋ የሚወድ እንግዳ ቢኖራችሁ እንኳ ልጆች ባሉበት ገበታ ሥጋውን በደንብ አብስሉት። የኮሶ ትል የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የከብት ሥጋ ነው፤ ለብለብም አያድንም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መርካቶ ውስጥ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው፤ የአብዛኞቻችን ወዳጆችም እንዲሁ ናቸው። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት የተለያየ ስለሆነ ሙስሊም ወዳጃችሁን ስትጠሩ፣ ወይም ሙስሊም ሆናችሁ ክርስቲያን ስትጠሩ፣ ገበታው ላይ እንግዳው የማይነካው ምግብ ብቻ እንዳይቀርብ። ብዙ ቤቶች መላውን ያውቁታል፤ ዓሣ። ዓሣ እንደ ከብት ስለማይታረድ ለሁለቱም ይሆናል። ያው የእሑዱ ቀይ ቁሌት ይሞቅና የተቆራረጠው ዓሣ መጨረሻ ላይ ገብቶ በአሥር ደቂቃ ወጡ ይደርሳል፤ ብዙ ካማሰላችሁት ግን ይፈራርሳል። ቀኑንም አስቡበት፤ እናንተ ባትጾሙ እንግዳችሁ ሊጾም ስለሚችል ከረቡዕና ከዓርብ ማክሰኞና ሐሙስ ይሻላሉ።

ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ቤት ከገባችሁ ቁሌቱን ጠዋት ከፍሪዘር አውጥታችሁ ከሄዳችሁ ይበቃል። አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ወጡ ተከድኖ በዝግ እሳት ላይ ነው፤ እንጀራው ተዘርግቷል፤ እጅ የሚያስታጥበው ልጅ ይሁን፣ ቡናውን ደግሞ ባለቤታችሁ ያፍላው። ከምንቸቱ የተረፈ ካለ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡትና ጠዋት በደንብ አሙቁት። በዳቦ መሐል ሆኖ ለልጆች ምሳ ዕቃ ይሆናል፤ እንጀራ ከተረፈ ደግሞ ቁርሱ ፍርፍር ነው።