እግሩን ቁጠሩት!

እናላችሁ… ሰሞኑን ግራና ነበርን። ለማታውቋት፦ ከወልዲያ ወደ ደሴ ስትሄዱ ሲሪንቃን፣ ቀጥሎ መርሳን ታገኛላችሁ፤ ግራና ከመርሳ ብዙም አትርቅም። ሐብሩ ወረዳ ናት። ቆላ ናት፣ ትሞቃለች፣ ፍራፍሬዋም ይወራላታል። እኛ ግን ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ትል ነው። (አትሽሹ!)

አንዲት እናት በመስኖ የሚያለሙት የጎመን መደብ አላቸው። ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። ከቅጠሉ ሥር ትንንሽ ጥቁር ትሎች ተጠቅልለው ተኝተዋል። «ተምች ነው ልጆቼ፣ ከሱቅ መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁት፤ እሱ እቴ ምን ገዶት!» አሉን። ከመካከላችን አንዷ የነፍሳት ነገር አይሆንላትም፤ ትሉን መዳፏ ላይ አድርጋ እግሩን መቁጠር ጀመረች። መጀመሪያ ሳቅንባት። ትንሽ ቆይተን ግን አብረን ቆጠርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቢራቢሮና የእሳት እራት ልጆች (ተምችም፣ አባ ጨጓሬም) ደረታቸው ላይ ሦስት ጥንድ እውነተኛ እግር አላቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ሆዳቸው ላይ ሥጋማ የሐሰት እግሮች አሉ፤ እነዚህ ከአምስት ጥንድ አይበልጡም። የእማማ ትል የሐሰት እግሩ ስምንት ጥንድ ነው። ስለዚህ ተምች አይደለም፤ የቢራቢሮም ዘር አይደለም። ፈረንጆቹ «ባለ መጋዝ ዝንብ» የሚሏት ነፍሳት ልጅ ነው። አማርኛ ስም ስላላገኘንላት እኛም እንደዚያው እንጥራት። ጎመንና ጎመን ዘር የምትወደው አታልያ የምትባለው ወገን መሆኗን ገመትን።

ዝንብ ብንላትም ዝንብ አይደለችም። ዘመዶቿ ንብ፣ ተርብና ጉንዳን ናቸው። ልዩነቱ ወገብ ላይ ነው። ጉንዳንንና ተርብን አስተውላችሁ ከሆነ ሆዳቸውና ደረታቸው መካከል ክር የሚያህል ቅጥነት አለ። ባለ መጋዟ ይሄ ወገብ የላትም፤ ከደረቷ እስከ ሆዷ ወጥ ናት። እንስቷ እንቁላል የምትጥልበት አካል እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ቅጠሉን በእሱ ሰንጥቃ እንቁላሏን ትሸሽግበታለች። ይኸው አካል ነው በንብና በተርብ ላይ ተለውጦ መንደፊያ የሆነው። በዚህ ቤተ ዘመድ ውስጥ ታላቅ እህት ማን ናት ቢባል ባለ መጋዟ ናት። ከሁሉም የቀደሙት ቅሪተ አካሎች የእሷ ወገኖች ናቸው፤ 230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ብዙ ጊዜ ድንጋይ ላይ የሚቀረው ክንፏ ብቻ ስለሆነ ሊቃውንቱ የክንፏን ጅማት አቆራረጥ እያነበቡ ነው ቤተሰቧን የሚለዩት።

«ታዲያ ለጎመኗ ምን ፈየደላት?» ትሉ ይሆናል። ብዙ! ቢቲ የሚባለው ከባክቴሪያ የሚሠራ መርጫ አለ፤ ለቢራቢሮ ልጆች የሚሸጠው ዓይነት ለባለ መጋዝ ልጆች ደንታ የለውም። ስሙን የሳተ ሰው ገንዘቡን ቅጠል ላይ ይደፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን ሲገባም የመጀመሪያው ሥራ ከነባሩ ተምች መለየት ነበር፦ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የፈረንጅ «ዋይ» ፊደል፣ ጅራቱ አጠገብ በካሬ የተቀመጡ አራት ነጥቦች። ይሄንን ያወቀ ገበሬ ነው ቀድሞ የነቃው።

እግር መቁጠር አሁንም የሕፃን ጨዋታ ከመሰላችሁ ከግራና እናውጣችሁና እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ሰሜን ሸዋ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ እንውሰዳችሁ። እዚያ አምበር ይወጣል፤ ድሮ ከዛፍ ፈስሶ የደነደነ ሙጫ ማለት ነው። ውስጡ ጉንዳን፣ ተርብ፣ ሸረሪት እንደተያዘ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ይሄን አምበር ሲያስተዋውቅ ዕድሜውን ከ93 እስከ 95 ሚሊዮን ዓመት አለው። የዳይኖሰር ዘመን! ዜናው ዓለምን ዞረ።

ከዚያ አንዲት ጉንዳን ነገሩን አበላሸችው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፈረንሳይ ያሉ ተመራማሪዎች ከዚያው አምበር ውስጥ ያገኟትን ጉንዳን ሜሊሶታርሰስ ኢትዮጵየንሲስ ብለው ሰየሟት። ሜሊሶታርሰስ ዛሬም አፍሪካና ማዳጋስካር ውስጥ የሚኖር ወገን ነው። አፈጣጠሩ ጉድ ነው፦ የሚኖረው በቁም ዛፍ ውስጥ ራሱ በቦረቦረው ዋሻ ነው፤ መካከለኛ እግሮቹን ወደ ላይ አንስቶ የዋሻውን ጣሪያ እየረገጠ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ብታወጡት መራመድ ያቅተዋል። እንግዲህ አስቡት፣ እንዲህ ያለ የዛሬ ዘመን ጉንዳን በዳይኖሰር ዘመን ምን ይሠራል? ተመራማሪዎቹ የሙጫውን ኬሚስትሪም ጨምረው ዕድሜውን ተጠራጠሩ። በኋላ የአበባ ብናኙ እንደገና ሲመረመር ዕድሜው ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ በአንድ ጊዜ ተቀነሰ! ሰበቡ ደግሞ የጉንዳን እግር ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከእ.ኤ.አ. 2022 ነው። በአንዲት የኢትዮጵያ አምበር ቁራጭ ውስጥ 13 ጉንዳኖች ተገኙ፣ ወንዶቹ ናቸው የተጠኑት። ከውጭ ሲታዩ ዛሬ ስሪላንካ ውስጥ አንዲት ዝርያ ብቻ የቀረችለት ንዑስ ቤተሰብ አባላት ይመስላሉ። ጀርመን፣ ሐምቡርግ ባለው ግዙፍ የኤክስሬይ መሣሪያ ሳይሰበሩ ውስጣቸው ሲታይ ግን የሌላ ንዑስ ቤተሰብ አባላት ሆነው ቁጭ አሉ። አዲስ ወገን፣ አዲስ ዝርያ። ስሟ ማን ተባለ? ዴሲዮፖኔ ሄሪዮን። «ዴሲ» ያ መሣሪያ ያለበት ተቋም ነው፣ «ሄሪዮን» ደግሞ ምርመራውን ያገዘው ሌላ የጀርመን ተቋም።

እኛ እዚህ ላይ ትንሽ ከፋን። አትሳሳቱ፣ ሰዎቹን «ሌባ» ልንል አይደለም። ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ ያገኘ ይሰይማል፣ ወጉም ይኸው ነው። ግን የጥናቱን ስድስት ጸሐፊዎች ስም ደጋግመን አነበብን፤ አንድም የአገራችን ስም የለበትም። የደላንታን ኦፓል በኪሎ መሸጥ የለመድን ሰዎች ነን። አምበር ደግሞ ሲሸጥ ውስጡ ያለውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ኦፓሉ ቢሸጥ ሌላ ኦፓል ይኖራል፣ ያቺ ጉንዳን ግን ሌላ ላትኖር ትችላለች። ከሆዷ ቅርጽ ላይ የሚነበበው የአገራችን ታሪክ አብሮ ተሸጠ ማለት ነው።

ሉሲን ስናይ ደረታችን ይነፋል፤ ይነፋ። ለነፍሳት ግን እንኳን ደረት፣ ስምም አልሰጠን። የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አምበሩ ከመሸጡ በፊት አንድ ሰው በአጉሊ መነጽር ይየው። ውስጡ ነፍሳት ያለበት ቁራጭ አገር ውስጥ ይቅር። ወጥቶ የሚመረመር ከሆነም የምስሉ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ይላክ፤ የዲጂታል ምስል ሻንጣ አይፈልግም። አንድ የባዮሎጂ ተማሪም አብሮ ይቁጠር። ሲሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ትል ለይቶ የሚያውቅና ጉንዳን ለይቶ የሚያውቅ ሰው የሚማረው አንድ ዓይነት ትምህርት ነው። አንዱን ስታሠለጥኑ ሌላውን በነፃ አገኛችሁ!

ወደ ግራና እንመለስ። እማማ ወሬያችንን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው «ታዲያ ስሙ ማነው?» አሉን።

«አታልያ።»

«የሰው ስም ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ትሎቹ ሲነኩ ተጠቅልለው የመውደቅ ልማድ እንዳላቸው ነገርናቸው። ወዲያው ከቤት ሰፌድ አምጥተው ከጎመኑ ሥር ያዙና ግንዱን በእጃቸው ወዘወዙት። ጥቁሩ ሁሉ ረገፈ። ዶሮዎቹም ተጠሩ።