ቀልድ ሕመም በሚሆንበት ጊዜ



ዕድሜውን ሙሉ በጭምትነቱ የታወቀ አባወራ በእንግዶችና በምራቱ ፊት ነውር ያለበት ቀልድ መደርደር ቢጀምር ቤተሰቡ ምን ይላል? አንዳንዱ «ጃጀ» ብሎ ያፍርበታል፤ ሌላው ከሰው ዓይን ይሸሽገዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም የተቸኮለ ፍርድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም፣ ቀልድን መግታት አለመቻል የአንጎል ሕመም ሊሆን ይችላልና።

ሄርማን ኦፐንሃይም የተባለ ጀርመናዊ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ በአንጎላቸው የፊት ክፍል ዕጢ በነበረባቸው ሕሙማን ላይ ይህን ጠባይ ተመልክቶ «ቪትሰልዙኽት» ብሎ ሰየመው፤ የቀልድ ሱስ እንደ ማለት ነው። ከዓይናችን በላይ የሚገኘው ይህ የአንጎል ክፍል ምን፣ ለማን፣ መቼ እንደሚነገር የሚመዝን የአንደበት ልጓም ነው። በተለይም የቀኝ ጎኑ በዕጢ፣ በስትሮክ፣ በአደጋ ወይም የፊተኛውን አንጎል በሚያመነምን የመርሳት በሽታ ሲጎዳ ልጓሙ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ሐኪሞች ስለ አንድ የ69 ዓመት ሰው ጽፈዋል። ሰውዬው ያሰበውን ቀልድ ለመንገር ሚስቱን ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳት ነበር፤ እርሷም ቢሰለቻት «ጻፈው» አለችው፤ ለሐኪሞቹ 50 ገጽ ያህል ይዞ ቀረበ። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ በራሱ ቀልድ ይስቃል እንጂ የሌላው ሰው ጨዋታ እምብዛም አያስቀውም። ይህ ደስታ አይደለም።

እዚህ አገር ለእኛ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። አማርኛ የማያውቅ ሐኪም የሽማግሌውን ፈገግታ አይቶ ደኅና ነው ሊል ይችላል፤ ቅኔውን ከብልግናው፣ የቀድሞ ጠባዩን ከአሁኑ ሊለይ አይችልም። መለየት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ወደ ቁፓት ሆሊም ሐኪማችሁ ስትሄዱ አዋቂ የሆነ ዘመድ አብሮ ይሂድ። ትንሽ ልጅ የአያቱን ነውር እንዲያስተረጉም ማድረግ ልጁንም አያቱንም ማዋረድ ነው፤ ልጁም በእፍረት ዋናውን ነገር ይዘለዋል።

ጨዋታ የሚወድ ሰው ሁሉ ታማሚ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጥንቱንም ተጫዋች የነበረ ሰው ተጫዋች ነው። የሚያሳስበው ለውጡ ነው። ለውጡ በድንገት መጥቶ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በ101 አምቡላንስ ጥሩ። ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ግን መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ወድቆ ወይም ራሱን ተመትቶ እንደሆነ፣ በገንዘብ አያያዙና በአመጋገቡም ለውጥ አይታችሁ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ሕክምናው እንደ መንስኤው ይለያያል።