ወይጦ ላይ «አልሻገርም» ያለው ሾፌር

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላል አገሬው፡፡ ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ብኖርም፣ የገባኝ ግን ከዓመታት በፊት በአንድ የሚያዝያ ቀን፣ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ወይጦ በምትባለው ትንሽ ከተማ ነው፡፡

ከኮንሶ ወርዶ ለሚጓዝ ሰው ወይጦ ምሳ የሚበላባትና መንገድ የሚመረጥባት ቦታ ናት፡፡ ዋናው መንገድ በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ ይወጣል፡፡ ሌላው በአርቦሬ በኩል ቱርሚ ያደርሳል፡፡ እኛ ለሥልጠና የምንጓዝ አምስት ባለሙያዎች ነበርን፤ በኪራይ መኪና በአርቦሬ አድርገን ቱርሚ ለማደር አስበናል፡፡ በዚያ መንገድ ላይ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይባቸው፣ ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት የሚሞሉ ደረቅ ወንዞች አሉ፡፡

ከምሳ በኋላ ሾፌሩ «ዛሬ አልሻገርም፤ እዚሁ እንደር» አለን፡፡ ቀና ብለን አየን፤ በላያችን ደመና የሚባል የለም፡፡ «ለመሆኑ አንተ ሾፌር ነህ ወይስ ሜትሮሎጂ?» አለው ከመካከላችን አንዱ፡፡ ሾፌሩ በሩቅ ወደሚታየው ጋራ አመለከተ፡፡ ጋራው ጠቁሯል፡፡ «እኔ የማየው የእዚህን ሰማይ አይደለም፡፡ ውኃው የሚመጣው ከዚያ ነው» አለ፡፡

እያጉረመረምን አደርን፡፡ በማግስቱ ስንሻገር አሸዋው ደረቅ ነበር፤ ጎርፉ አልመጣም፡፡ መንገዱን በሙሉ ሾፌሩን ስናሾፍበት ዋልን፡፡ አዲስ አበባ ስንመለስ መኪናውን ያከራየን ድርጅት «ያለምክንያት የባከነ ቀን» ብሎ የአንድ ቀን አበሉን ቆረጠበት፡፡ ከአምስቱ ተሳፋሪዎች አንዱ የሕግ ባለሙያ ነበር፡፡ ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ዝም አልኩ፡፡

ሾፌሩ ተሳስቶ ነበርን? አልተሳሳተም፡፡ ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነባት ሰዓት በታወቀው ነገር እንጂ በማግስቱ በታየው አይደለም፡፡ ችግሩ ግን ይህ ነው፤ ተሻግሮ ያለፈ ሰው ጀግና ይባላል፣ የቆመ ሰው ግን ከምን እንደዳነ የሚያሳየው ማስረጃ የለውም፡፡ ያልደረሰ አደጋ ምስክር ሆኖ አይቀርብለትም፡፡

ሾፌሩ ስለ ጋራው የተናገረው ግን እውነት መሆኑን አገራችን በከባድ ዋጋ አይታዋለች፡፡ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍ ከደጋው የወረደ ነበር፤ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፡፡ ከዚያ ብዙ ቀናት ሳይቆይ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ከአልጋው ወጥቶ እዚያው ደቡብ ኦሞ ውስጥ የዳሰነች አርብቶ አደሮችን ከነከብቶቻቸው ወሰደ፡፡ በወቅቱ የሟቾቹ ቁጥር 364 መድረሱ ተነግሯል፡፡

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል፡፡ በመጀመሪያው የመሬት መንሸራተት የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ በሁለተኛው ተቀበረ፡፡ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን አጣን፡፡ ጎረቤቱ ከአፈር በታች እያለ «ቆይ፣ መሬቱ እስኪረጋ» ማለት ከሰው አቅም በላይ ነውና እነዚያን ሰዎች የሚወቅስ አንደበት ሊኖር አይገባም፡፡ ትምህርቱ ለሌሎቻችን ነው፡፡ መቼ መቆም እንዳለበት በጭንቅ ሰዓት መወሰን አይቻልም፤ ቀድሞ ተወስኖ መጠበቅ አለበት፡፡

ይህን የሚያውቁ ሙያዎች አሉ፡፡ አብራሪ ለማረፍ ሲወርድ የተወሰነ ከፍታ ላይ ደርሶ ማኮብኮቢያውን ካላየ ተመልሶ ይወጣል፡፡ ከፍታው የሚወሰነው ከበረራው በፊት እንጂ ደመና ውስጥ አይደለም፡፡ በመዝናኛ ባህር ጠላቂዎች ዘንድም ማንኛውም ጠላቂ፣ ማዕበሉ ካላማረው፣ በማንኛውም ሰዓት «ይቅርብኝ» ማለት ይችላል፡፡ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፣ አይሾፍበትምም፡፡

ወደ ሕጉ እንምጣ፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1792 ባለዕዳውን ነፃ የሚያወጣው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ምን እንደሆነ ይደነግጋል፤ ቀጣዩ አንቀጽም ጎርፍን በምሳሌነት ይጠቅሳል፡፡ ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ነገሩ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል መሆን አለበት፡፡ በሚያዝያ ወር ደቡብ ኦሞ ውስጥ የሚመጣ ጎርፍ ደግሞ አስቀድሞ ሊታሰብ ይችላል፡፡ እንግዲህ ያ ሾፌር በዚህ አንቀጽ ብቻ ቢከራከር ባልረታም ነበር፡፡

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ፣ አሠሪው አደጋ መኖሩን እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፡፡ ይህ ሥራን ጥሎ የመሄድ መብት ነው፡፡ የልጆች እናት ወይም አባት የሆነ ሰው የሚያስፈልገው ግን እንጀራውን ሳያጣ መኪናውን የማቆም መብት ነው፡፡

ያም ቢሆን ጨርሶ የጠፋ መብት አይደለም፡፡ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያፀደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በአንቀጽ 13፣ ለሕይወቱ አስጊና የቀረበ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት በማመን ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ ተገቢ ያልሆነ ቅጣት እንዳይደርስበት ያዛል፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ደግሞ የፀደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል፡፡ ሕጉ ነበር፡፡ የጠፋው የሚናገረው ሰው ነበር፡፡

ስለዚህ መኪና የሚያከራዩ፣ የመስክ ሥራ የሚልኩና ጎብኚ የሚያጓጉዙ ድርጅቶች ሦስት ነገሮችን በውላቸው ቢጽፉ ይበጃል፡፡ አንደኛ፣ በምን ምልክት ጉዞ እንደሚቆምና ከወንዙ በላይ ላለ ሰው ማን ደውሎ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ይወሰን፡፡ ሁለተኛ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እንኳ «እንቁም» ካለ ይቆም፤ «እንለፍ» ለማለት ግን የሁሉም ስምምነት ያስፈልግ፡፡ ሦስተኛ፣ የቆመበት ቀን እንደተሠራበት ቀን ይከፈል፡፡ ሲቆም የሚከስር፣ ሲሻገር የሚከፈለው ሰው ስለ ጎርፍ በነፃነት ሊወስን አይችልም፡፡

«ወጪውን ማን ይችላል?» የሚል አይጠፋም፡፡ እኛ አምስት ሰዎች ያን ቀን የቆረጥንበትን አበል ብናዋጣው ለእያንዳንዳችን ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም ነበር፡፡ «ቆረጡበት» አላልኩም፤ «ቆረጥንበት» ነው ያልኩት፡፡ ዝም ያልነውም ቆርጠናልና፡፡