ዕድርተኛ ለቀብር ብቻ ነው እንዴ?

ከኮልፌ ቀራንዮ የተላከ ደብዳቤ ነው። "ታናሽ ወንድሜ ከታመመ ዓመት አለፈው። ሌሊት አይተኛም፣ ብቻውን ያወራል፣ ምግቤ ውስጥ መርዝ አለ ይላል" ትላለች ጸሐፊዋ። እናት ልጃቸውን ሰርቪስ ቤት ዘግተውበት ለጎረቤት "ክፍለ ሀገር ሄዷል" ብለዋል። ወሬው እንዳይወጣም የቡና ጓደኞቻቸውን አንድ በአንድ ሸሽተዋል። "አሁን የምፈራው ለወንድሜ ብቻ አይደለም፤ እናቴም እያለቀችብኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?"

እህቴ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። የገለጽሽው ነገር የጠባይ ብልሽት ሳይሆን ሕክምና ያለው ሕመም ይመስላል። አማኑኤል ሆስፒታል ከኮልፌ ሩቅ አይደለም፤ ከጤና ጣቢያም መጀመር ትችላላችሁ። ጸበሉን አልከለክልም፤ ስለ ጸበል ብላችሁ ግን መድኃኒት አታቋርጡ። በር መቆለፉም ይቅር።

እኛ እኮ ሰው እግሩ ሲሰበር ብርቱካን ይዘን "እግዜር ይማርህ" ለማለት እንሽቀዳደማለን። አእምሮው ሲታመም ግን አጥር ታከን እናልፋለን። የሞተ እንደሆነማ ማን ይቀድመናል! ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል። በቁሙ ለሚሰቃየውስ? (አይቻልም እንዳይባል፣ ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን የታመሙ አባሎቻቸውን የደገፉ ዕድሮች ነበሩ።)

የሰው ድጋፍ ባዶ ማጽናኛ እንዳይመስልሽ። በጉራጌ ምድር፣ በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ ሕመም በተያዙ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሐኪም ያልሆኑ፣ ግን የሠለጠኑ ሠራተኞች ለአንድ ዓመት ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚውንና ቤተሰቡን ይደግፉ ነበር። ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር ይህ የተጨመረላቸው ሰዎች፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ቀሏቸዋል።

እና ለሰፈሩ ሁሉ አታውጂ። ምስጢር የሚይዙ ሁለት ሰዎች ምረጪ፤ አንዷ ከእናትሽ ጋር ለዓመታት ቡና የጠጡ ጎረቤት፣ ሌላው ወንድምሽ የሚወደው የድሮ ጓደኛው ይሁኑ። "ጸልዩልን" ብለሽ ብቻ አትመለሺ፤ ሥራ ስጫቸው። ጓደኛው በቀጠሮው ቀን አብሮት ታክሲ ይሳፈር፤ ጎረቤቲቱ ለሁለት ሰዓት እናትሽን ያሳርፉ። "መርዝ የለውም፣ ብላ!" እያሉ አይሟገቱት፣ አይሳቁበትም። እሱ ካልጠላ ከአንድ ትሪ አብረውት ይብሉ። ምናልባት "ልሙት" ማለት ከጀመረ ግን ብቻውን እንዳይሆን፤ ሳይነጋ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

እናትሽ "ገመናችን ይወጣል" ብለው እምቢ ይሉ ይሆናል። አትቆጪያቸው። ዓመት ሙሉ ከቡና የቀረች ጎረቤት አንድ ነገር እንደገጠማት ማን ያጣዋል? ያልመጡት እንዴት ብለው እንደሚገቡ ጨንቋቸው ይሆናል። እሑድ ከሰዓት ረከቦቱን አንቺው አውጪና ጥሪያቸው።